የጥፍር ቀለም ምልክት

የሰደበኝ የሚስቴ ታላቅ ወንድም ነው። ልጄ ከስምንተኛ ክፍል አንደኛ የወጣች እሑድ፣ ከምሳ በኋላ፣ አሥራ አንድ እንግዶች ባሉበት። ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ፣ «ደግነቱ ጭንቅላቷን ከእናቷ ወሰደች፤ የአባቷን ብትወስድ ኖሮ ይሄኔ መጋዝ ይዛ ነበር» አለ። ሁሉም ሳቁ። ሚስቴ እንኳ አፏን በእጇ ሸፈነች፤ አይቻታለሁ። ይኸው ስምንት ዓመት ሆዴ ውስጥ ቋጥሬው አለሁ።

አዎ፣ አናጢ ነኝ። ከስድስተኛ ክፍልም አላለፍኩም።

ያቺ ልጄ ዛሬ የቤት ፕላን ትነድፋለች። ቤት ቁጭ ብላ በኮምፒውተር የምትሠራው ሥራ አገኘች። የምትጀምረው ሰኞ ጠዋት ልክ ሦስት ሰዓት ነው፤ «አባዬ፣ በመጀመሪያው ቀን ከቀረሁ ሌላ ሰው ተዘጋጅቶ እየጠበቀ ነው» ብላኛለች።

ጠረጴዛውን እኔ ሠራሁት። ሰው የተሠራ ጠረጴዛ ገዝቶ ወገቡን ያጎብጣል፤ እኔ መጀመሪያ የለካሁት ልጄን ነው። ወንበር ላይ አስቀምጬ ከወለሉ እስከ ክርኗ፣ ከወለሉ እስከ ዓይኗ። ለኪቦርዱ ተንሸራታች መሳቢያ፣ ለስክሪኑ ከፍ ያለ መደርደሪያ፣ ለማዳመጫው ማንጠልጠያ አበጀሁለት። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ ፈትጌ እንደ ሕፃን ጉንጭ አለሰለስኩት።

ኮምፒውተሩን የገዛን ቀን ሻጩ ሁሉንም ሰካክቶ እንደሚሠራ አሳየን። ሊነቅለው ሲል «ቆይ!» አልኩት። አናጢ ቁምሳጥን ሲፈታ የሚገጣጠሙትን ሁለት ጫፎች አንድ ዓይነት ምልክት ሳያደርግባቸው አይነቅልም። ጥቁር ላስቲክ ላይ እርሳስ ስለማይታይ፣ የልጄን ቀይ የጥፍር ቀለም ተቀብዬ በየኬብሉና በየቀዳዳው ላይ ምልክት አደረግኩ። አንድ ነጥብ፣ ሁለት ነጥብ፤ ለስክሪኑ ሦስት ማዕዘን።

ጥፋቴ አንድ ነው። ቫርኒሹ ሳይደርቅ አላስነካም ብዬ እሑድን ሙሉ ከለከልኳት። ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ገና ዕቃውን ከካርቶን ሳወጣ ያ የሰደበኝ ሰውዬ ከበር ገባ። ለካ ሚስቴ ጠርታው ኖሯል፤ የቢሮ ሰው ነው፣ ኮምፒውተር ያውቃል ብላ።

«ወዲያ በል አናጢው፣ ይሄ ሚስማር አይደለም» አለኝ። ምልክቶቹን ሲያይ ሳቁ መጣ። «ኬብሉን ደግሞ ማን ኳለው? ሊዳር ነው እንዴ?»

ሰካካና ቁልፉን ተጫነ። ኮምፒውተሩ እፍ እፍ አለ፤ ስክሪኑ ግን ድርግም እንዳለ ቀረ። ነቀለ፣ መልሶ ሰካ። አሁንም ጨለማ። ግንባሩ በላብ ተጠመቀ። ለሦስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ቀና አለ።

«የሞተ ዕቃ ነው የሸጡላችሁ። ከአናጢ ጋር ኮምፒውተር ልግዛ ሲሉ መጨረሻው ይሄው ነው!»

ልጄ ዓይኗ እንባ ሞላ። «አባዬ…» አለች። እሱን ሳይሆን እኔን።

ተንበርክኬ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ሊቁ የስክሪኑን ኬብል የሰካው ምልክት የሌለው፣ ቅርጹ ግን ያንኑ የሚመስል ሌላ ቀዳዳ ላይ ነው። ባለ ሦስት ማዕዘኑ ቀዳዳ፣ የኬብሉ ቁርጥ መንትያ፣ ከታች ባዶውን አፉን ከፍቷል። ነቅዬ እዚያ ሰካሁት። ከላይ የሚስቴ እልልታ ተሰማ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ልጄ ማዳመጫዋን አድርጋ፣ ክርኗ ልክ በለካሁት ቦታ አርፎ ተቀምጣለች። አለቆቿ የሚሉት አይሰማኝም፤ የሷን ብቻ ነው የምሰማው።

«ጠረጴዛው? አይ፣ አልተገዛም። አባቴ ነው የሠራው» አለች እየሳቀች። «መስመር ማስመርም ያስተማረኝ እሱ ነው።»

ደረቴ ሸሚዜን ሊቀድድ ደረሰ።

ሰውዬው እስከ በሩ ተከተለኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንተ፣ ይሄን ማን አሳይቶህ ነው?» አለኝ።

ለዚህ ሰው ስምንት ዓመት ሙሉ ስንት መልስ ስልግ፣ ስሞርድ ኖሬያለሁ። ሁሉም አንድ ላይ ምላሴ ጫፍ ደረሱ። መጋዜን ከጥግ አንስቼ ትከሻዬ ላይ አደረግኩና ወደ ሥራዬ ሄድኩ።