ለሴቶች ብቻ የተከፈተው ጎተራ

ጃቤዝ ሃርግሪቭ ከመድረኩ ላይ ሆኖ «ከእንግዲህ ሴት ለሴቶች እንጂ ወንድ ባለበት አትሰብክም፤ የሜቶዲስት ጉባኤ ወስኗል» ሲል እህቴ ታቢታ አንገቷን ደፋች። የእኔ ደም ግን ፈላ። ታቢታ በእንግሊዝ አገር በምትገኘው ከተማችን በሃሊፋክስ፣ መንገድ ላይ ስትሰብክ ጥርሷን በድንጋይ ያወለቀው ይኸው ጃቤዝ ነው። ኋላ ትኩሳት ጥሎት ዘመዶቹ ሲሸሹት፣ አጥሚት እያጠጣች ወደ ጌታ ያመጣችው እሷ ናት። ጸሎት ቤቱ ራሱ የተጀመረው በእኛ ማድቤት ነው። አሁን ሹም ሆነና አፏን ዘጋ!

«ተይው፣ ለጌታ እንስጠው» አለችኝ።

«ጌታ ሥራ ይበዛበታል። ይሄን ለእኔ ተዪው።»

ትእዛዙን ቃል በቃል ፈጸምኩለት። በየሸማኔው ቤት ዞሬ፣ «እሑድ ጠዋት፣ ጃቤዝ በሚሰብክበት ሰዓት፣ እኛ ቤት፣ የበግ ፀጉር የምናከማችበት ጎተራ ኑ፤ ለሴቶች ብቻ ነው» አልኩ። እሑድ ጎተራው ጢም አለ። ጸሎት ቤት የቀሩት ወንዶች መዝሙር የሚያነሳላቸው አጡ። ጃቤዝ ራሱ ቢሞክረው ድምፁ ከዳው አሉ። ሆዴ እስኪያመኝ ሳቅኩ።

ብዙም ሳይቆይ ወንዶቹም እሱን ትተው፣ ዝናብ እየመታቸው በመስኮታችን ሥር ቆመው ታቢታን መስማት ጀመሩ። አንድ እሑድ ጃቤዝ ተከትሏቸው መጣና በሩን ደበደበ።

«እህት ዶርቃ፣ ክፈቺ! ይሄ አመፅ ነው!»

«ወንድም ጃቤዝ፣ ትእዛዙን ያነበብከው አንተው ነህ! ቀሚስ አጥልቀህ ና፣ እከፍትልሃለሁ።»

ውጭ ያሉት ወንዶች በሳቅ ፈነዱ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ጃቤዝ በሩን መደብደቡን ሳይተው ታቢታ ስብከቷን ጨርሳ ስትቀመጥ፣ እንደ ልማዳችን፣ ልቧ የተነካ ተነሥታ እንድትመሰክር ተጠየቀ። የተነሣችው የጃቤዝ ሚስት ኪዝያ ነበረች። በሰው ፊት ስትናገር ሰምተናት አናውቅም።

«ጌታ ሆይ» አለች፣ «ባሌ መድረክ ላይ መልአክ ነው። ቤት ሲገባ ግን ቡጢውን አንተም እኔም እናውቀዋለን። ስሙ እንዳይጎድፍ ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ግን በቃኝ።»

ጃቤዝ በሩን መደብደቡን ተወ።

«ዶርቃ» አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ፣ «እባክሽ፣ ሚስቴን ላናግራት።»

ታቢታ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ «ክፈቺለት እንጂ፣ ምናልባት ይቅርታ ሊጠይቃት ይሆናል» አለችኝ።

ሊሆን ይችላል። እኔ ግን የበሩን መወርወሪያ አጥብቄ ጀርባዬን በሩ ላይ አስደገፍኩ። ኪዝያ ገና አልጨረሰችም ነበር።