ትንሽ ሻል ብሎኛል

ባሌ ሰዓት ሠሪ ነው። ጨዋም ነው፤ መከራ ያበላን ይሄኛው ነው።

ሰባት ዓመት ሙሉ ራሱን በግራ በኩል ብቻ ያመዋል። ግራ ዓይኑ ይቀላል፣ ያነባል፤ አጉሊ መነጽሩን የሚሰካውም እዚያው ላይ ነው። ሐኪም እንዴት ነህ ሲለው ግን መልሱ አንድ ነው፤ ትንሽ ሻል ብሎኛል። የሰው ልፋት መና እንዲቀር አይፈልግማ። ሕመሙ ከጥርስ ነው ያለ አንድ የጥርስ ሐኪም አንድ መንጋጋ ጥርስ ነቀለለት፤ ሻል ብሎኛል አለው። ሰውየውም ደስ ብሎት ሁለተኛውን ነቀለ። ለሦስተኛው ደግሞ ለሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ተቀጥሯል። ሱቁንም ሊዘጋ ነው፤ በሚያነባ ዓይን የሰዓት ሆድ ዕቃ አይታይም።

በመጨረሻ ጎትቼ አንዲት የነርቭ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ግማሽ ራስን እያመመ ዓይን የሚያስነባ አንድ ዓይነት ራስ ምታት አለ፣ በራጅ አይታይም፣ የሚለየው ኢንዶሜታሲን በሚባል ኪኒን ነው አለች። በበቂ መጠን ተወስዶ ሕመሙ ድራሹ ከጠፋ፣ በሽታው እሱ ነው። ትንሽ ሻል ካለ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጭራሽ ካልተለወጠ መጠኑ አልበቃም ማለት ነው። ባሌ የሚያውቃትን አንዲት መልስ ነው የከለከለችው።

ጨጓራን ከሚጠብቅ መድኃኒት ጋር ኪኒኑን በትንሹ አስጀመረችው። ከአምስት ቀን በኋላ ተመልሰን ፊቷ ተቀመጥን። ባሌ ኮቱን ቆለፈና ፈገግ አለ።

«ተመስገን ዶክተር፣ ትንሽ ሻል ብሎኛል።»

ኪኒኑን አቁማ ወደ ሌላ ምርመራ ልትልከው ብዕሯን አነሳች።

«ይዋሻል» አልኩ። «ትናንት ራሱን ከቁም ሳጥኑ ጋር ሲያጋጭ ነበር።»

ባሌ በሃፍረት መሬት ሊውጠው ደረሰ። ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ኪኒኑን የሰጠሁዎት ደስ እንዲያሰኙኝ አይደለም። ምን ያህል ተሻለዎት?»

«ምንም» አለ ወለሉን እያየ። ለሐኪም እውነት ሲናገር የመጀመሪያው ነው። መጠኑን ጨመረችለት።

ሐሙስ ጠዋት ሱቁ ስደርስ መነጽሩን ሰክቶ አንዲት ትንሽ የሴት ሰዓት ፈትቷል። እንዴት እንደሆነ ጠየቅኩት። ግራ ግንባሩን በጣቱ ዳሰሰ፤ እኔ ፈራሁ።

«የለም» አለ በመጨረሻ። «ከነጋ ጀምሮ ብፈልገው ብፈልገው የለም።»

ሰባት ዓመት በአንድ ዓይኑ ሲያነባ የኖረ ሰው፣ መነጽሩን አውልቆ በሁለቱም አለቀሰ። እኔም አብሬው አለቀስኩ። ከዚያ የነገው የጥርስ ቀጠሮ ትዝ አለውና ስልኩን አነሳ።

«ሰውየው እንዳይቀየም፣ ሄጄ ቢነቅለውስ?»

ስልኩን ከእጁ ነጥቄ ቀጠሮውን ልሰርዝ ራሴ ደወልኩ። እኔ ጨዋ አይደለሁም።