የሐጃ በቱል ፀሐይ

ወንድሜ ኸድር አፉን ባይከፍት ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። እናታችን ሐጃ በቱል በሞተች ሳምንት፣ ድንኳኑ በለቀስተኛ ጢም ብሎ ሳለ፣ ድንገት ብድግ አለና፣ «ከዛሬ ጀምሮ በእናቴ ቤት ጣሪያ ላይ ያለው ሶላር ለነፍሷ ሰደቃ ይሁን!» ብሎ አወጀ። ሰዉም «አሚን» አለ። የእናቴ ቤት የሚለው እኔ የምኖርበትን ነው። ሶላሩንም ባለቤቴ አወዲያ የሠርግ ወርቋን ሸጣ ነው የገዛችው።

በእኛ መንደር ለሟች የተሰጠ ነገር አይመለስም። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በራችን ላይ ለመንገደኛ ውሃ የሞላ ጋን ታኖር ነበር፤ ከዚያ ሊጠጣ የመጣ ሰው አያስፈቅድም። አሁን ከጋኑ አጠገብ የሶኬት ገመድ ተንጠለጠለ። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ የመንግሥት መብራት ሄዶ ቀርቷልና ያልመጣ የለም። ስልክ የያዘው፣ ባትሪ የያዘው፣ ፀጉር ቆራጩ ከነመቁረጫ መኪናው፣ አንዱማ የማንጎ መጭመቂያ ተሸክሞ መጣ። ሁሉም እየሰኩ «አላህ ይማራት» ይሉኛል። እኔም በይሉኝታ ታስሬ «አሚን» እላለሁ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

የአወዲያ ኩላሊቶች ሥራ አቁመዋል። በየሳምንቱ እሑድና ረቡዕ ዶንጎላ ከተማ ሐኪም ቤት ደሟ ካልታጠበ እግሯ ያብጣል፣ ትንፋሿ ያጥራል። ቤንዚን የሚባል ነገር ስለጠፋ የምንሄደው በኤሌክትሪክ ባጃጄ ነው፤ ባትሪው ካልሞላ ደግሞ ከተማው አይደርስም። ይህን ለማን ልንገር?

ባለፈው ረቡዕ የፈራሁት ደረሰ። ግማሽ መንገድ ላይ፣ የቴምር ዛፎቹ የሚያልቁበት ጋ፣ ባጃጁ ቀጥ አለ።

«ሸረፍ፣ ለምን ቆምን?» አለች ከኋላ።

«ባትሪው አለቀ።»

«ትናንት ሙሉ ቀን ፀሐይ ነበር እኮ!»

«ፀሐይማ ነበር። ጠጪው በዛ እንጂ።»

በዚያ ሁኔታዋ እንኳ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም። አንድ ገበሬ በአህያ ጋሪው ጭኖን ስንደርስ ተራዋ አልፎ ነበር። ነርሷ «ነገ ኑ» ብላ መለሰችን። አወዲያ ያን ቀን ትራስ ተደግፋ፣ አየር እየለመነች ዋለች። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ከውጭ የመጭመቂያውን ድምፅ እሰማለሁ። ተነሥቼ ሁሉንም በጣጥሼ ልጥል ምንም አልቀረኝም።

በማግስቱ፣ ከሐኪም ቤት እንደተመለስን፣ በቀጥታ ኸድር ጋ ሄድኩ።

«ገመዱን ልነቅለው ነው» አልኩት።

«የእናትህን ሰደቃ? አላህን ፍራ እንጂ! ከራስ በላይ ነፋስ ነው የምትለው?»

«ለምን የራስህን ሶላር አልሰጠህም?»

«የእኔማ የውሃ ፓምፕ ይነዳል። ስንዴው ይድረቅ?»

«ሚስቴስ ትድረቅ?»

«አስታግፊሩላህ! ደግሞ ትቆጣለህ» አለና ሻይ ቀዳልኝ። «አርባዋ ይለፍና እንነጋገራለን።» ሻዩን ሳልቀምስ ወጣሁ።

አርባዋ ቅዳሜ ዋለ። በማግስቱ የአወዲያ ቀጠሮ ነው። ሸኹ ከጠዋት ጀምሮ በድምፅ ማጉያ ቁርኣን ይቀራሉ፤ ማጉያውም የሚሠራው በእኔው ሶላር ነው። በሰው ሁሉ ፊት ምን ልበል? ጥርሴን ነክሼ ሳህን አመላልሳለሁ።

ሸኹ ሲጨርሱ አወዲያ ከሴቶቹ መሀል ተነሣች። ግድግዳውን እየተደገፈች መጥታ ማጉያውን ያዘች። በእኛ ዘንድ ሴት በለቅሶ ቤት እንዲህ አታደርግም።

«አማቴ ጋኗን ስትሞላ መጀመሪያ የምታጠጣው ማንን ነበር?» አለች።

«በሽተኛን ነዋ!» አሉ አንዲት አሮጊት።

«እንግዲያው እኔም ለነፍሷ ሰደቃ አለኝ። ባጃጃችንን ለሐኪም ቤት መንገደኛ ሰጥቻለሁ። በሽተኛ በሚሄድበት ዋዜማ ከባጃጁ ሌላ ነገር እዚያ ገመድ ላይ የሚሰካ ሰው፣ ከሐጃ በቱል ጋን ሰርቆ እንደጠጣ ይቆጠር!»

ከሁሉ በላይ ጮክ ብሎ «አሚን!» ያለው ኸድር ነው። ያቺ ባጃጅ እኮ እንጀራዬ ነች! ሳያማክሩኝ ሶላሬን ሰጡ፤ ሳያማክሩኝ ባጃጄን ሰጡ። ግን ፀጉር ቆራጩ ወዲያው ተነሥቶ መቁረጫ መኪናውን ከገመዱ ሲነቅል አየሁ። እኔ ብነግረው ጠላቴ ይሆን ነበር።

እሑድ ማለዳ ባትሪው ሞልቶ ነበር። በሩን ስከፍት ግን የመንደራችን ሽማግሌ ሐጅ ደፍዓላህ ለዓይናቸው፣ ጎረቤታችን ቢንት ወሀብ ለስኳሯ፣ ኸድር ደግሞ ጉንጩን ይዞ ቆመዋል።

«አንተስ ምን ሆንክ ልበል?»

«ጥርሴን፣ ወንድም ዓለም! ሰደቃ አይደለም እንዴ?» ብሎ ባጃጁ ውስጥ ጥላ ያለበትን ጥግ ያዘ።

ለአወዲያ ቦታ ጠፋ። እኔ ወንበር ላይ፣ ግማሹን ለቅቄላት፣ ከጎኔ ተለጠፈች።

«አየሽ ያመጣሽብኝን?» አልኳት። ደሜ ፈልቷል።

«ንዳ» አለች፤ እንዳትወድቅ ሸሚዜን ጨብጣ ይዛለች። «ዛሬ እንደርሳለን።»

ረቡዕ ዕለት የቆምንበትን ቦታ ሳንቆም አለፍን። ያኔ ኸድር ከኋላ፣ «ሸረፍ፣ ቀስ በል እንጂ፣ ጥርሴን አናወጥከው!» ብሎ ጮኸ።

ጨምሬ ነዳሁ።