የቅቤ ተራዋ አፍንጫ

"ያሽትቱት!" አለች ሳጂዳ፣ የድስቱን ክዳን ከፍታ ከዓባይነሽ አፍንጫ ስር እየደቀነች። "ያሽትቱትና ይንገሩኝ። ይሄ ገንፎ ነው ወይስ ፋኖስ?"

ዓባይነሽ ከቅቤ ባልዲዎቿ ጀርባ፣ ዱካዋ ላይ እንደተቀመጠች ወደ ድስቱ አጎነበሰች። በረጅሙ ሳበች። ለብ ያለ እንፋሎት ጉንጯን ነካት። ከዚያ ሌላ ምንም አልመጣም።

"ምን አለው?" አለች ቀና ብላ። "ደህና ገንፎ ነው።"

"ደህና?" ሳጂዳ ዞር ብላ የቅቤ ተራውን ሴቶች አየች። "ሰማችሁ? ደህና ነው አሉ! እህቴ አራስ ናት። አንዴ ጎርሳ ተፋችው። ላምባ ላምባ ነው የሚለው፣ ቤቱ ሁሉ ላምባ ሆኗል!"

ሴቶቹ ተጠጉ። አንዷ ጎንበስ ብላ አሸተተችና ሻሿን አፍንጫዋ ላይ ሳበች። ሌላዋ፣ "እሳት እንዳታስጠጉት አቦ!" ስትል ሳቅ ሆነ።

"እኔ ቅቤ ላይ ላምባ?" ዓባይነሽ ተነስታ ቆመች። "እዚህ ገበያ ነው ያረጀሁት። ድስትሽን እዪ። ምድጃሽ ላይ አፍስሰሽ ይሆናል።"

"እኔ በከሰል ነው የምሠራው። 'ከመሰላ ገጠር የመጣ ነው፣ አበባ አበባ ይላል፣ ለአራስ የሚሆን ይሄ ነው' ብለው በእጅዎ መዝነው የሰጡኝ እርስዎ ነዎት።"

እውነቷን ነው። ዓባይነሽ እንዲያ ብላለች።

ሌላ ነጋዴ ቢሆን ገንዘቡን መልሶ ይገላገል ነበር። ዓባይነሽ ግን እንደ ሌላው አልነበረችም። ሁለት ሰው በቅቤ ሲጣላ "ዓባይ ታሽትተው" ይባላል። ሙዝ የገባበትን፣ የከረመውን በአዲስ የሸፈኑትን፣ ላሟ ምን በልታ እንደታለበች ሳይቀር ትናገር ነበር። ከቦኬ የሚመጡት የገጠር ሴቶች ስሟን አያውቁትም፤ "አፍንጫዋ የት ናት?" ብለው ነው የሚጠይቁት።

ያ አፍንጫ ከሞተ ቆየ።

ባሏ ህሩይ የሞተ ሰሞን ራሷን ይፈልጣት ነበር። ለቅሶ የመጣች አንዲት አሮጊት ቁንጣሪ ሱረት መዳፏ ላይ አደረገችላትና፣ "ሳቢው ልጄ፣ ይከፍትልሻል" አለቻት። እውነትም ከፈተላት። አስነጠሳት፣ ዕንባዋ ወረደ፣ ራሷ ቀለላት። ከዚያ ወዲህ የሱረቷ ቆርቆሮ ከጡቷ ስር ተለይታ አታውቅም። ጠዋት ካልሳበች እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ስትስብ ደግሞ ልቧ ይዘላል። በአፍንጫዋ የሚወርደው ጥቁር ነው፤ የነጠላዋን ጫፍ ብታጥብ ብታጥብ አይጠራም። የጎረቤት ልጆች እንኳ ልሳማቸው ስትል ፊታቸውን ያዞራሉ።

ሽታው መቼ እንደሄደ አታውቅም። አንድ ቀን ሽሮዋ አርሮ፣ ጭሱ ዓይኗን ሲያቃጥላት ነው የገባት። ለማንም አልተናገረችም። ለማን ትናገር? ልጅ የላትም። ከጎኗ ቅመም የምትሸጠው ጣሂራ ነበረች፣ እሷን ደግሞ አኩርፋታለች። የገና በዓል ሰሞን ጣሂራ፣ "ዓባይ፣ ያ ነገር አፍንጫሽን በልቶታል" ስላለቻት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጎን ለጎን ተቀምጠው አይነጋገሩም። ሚዛን ሲዋዋሱ እንኳ በሌላ ሰው በኩል ነው።

እስካሁን ዘዴ ነበራት። ቅቤውን እጇ ጀርባ ላይ ትቀባዋለች፣ ለፀሐይ ይዛ ታየዋለች፣ በመጨረሻ ጫፉን ትቀምሰዋለች። ምላሷ አሳፍሯት አያውቅም። ሁዳዴ ሲገባ ግን ቅቤ ወደ አፏ አይደርስም። ቅቤ የሚረክሰውም በዚሁ በሁዳዴ ነው፤ ክርስቲያኑ ስለማይገዛ ነጋዴው ለፋሲካ የሚያከማቸው ያኔ ነው። ለሳጂዳ የተሸጠውን ያመጣችው የመሰላ ሴት ቅቤዋን በተቆረጠ ጀሪካን ነበር ያመጣችው። ዓባይነሽ አሁን ትዝ አላት። ጀሪካኑ በፊት ምን እንደተያዘበት አልጠየቀችም። ሰው እያየ አሽትታ፣ ራሷን ነቅንቃ፣ ትልቁ ባልዲ ውስጥ ከሌላው ጋር ጠቀጠቀችው። የፋሲካ ቅቤዋ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው።

"ባልዲውን ይክፈቱልን ታዲያ" አለች ሳጂዳ። "ሁሉም ያሽትት።"

"እንዳትነኪ!"

ዓባይነሽ ክዳኑን ልትይዝ ስታጎነብስ ሳጂዳ ቀድማ ከፈተችው። ያኔ አንድ ጠብታ ቅቤው ላይ ወደቀ። ቀይ። ቀጥሎ ሌላ። ዓባይነሽ ከየት እንደመጣ ለማየት ቀና አለች፤ ሞቅ ያለ ነገር ከንፈሯ ላይ ሲወርድ ተሰማት። ሳቁ ቆመ።

"ማል ታቴ፣ ዓባይ? ምን ሆንሽ?" ጣሂራ የቅመም ጆንያዋን ዘላ መጣች። "ሱብሃነላህ! ነስር ነው። አፍንጫሽን ያዢ። ቀና አትበይ፣ ጎንበስ በይ!"

"ምንም አልሆንኩም።"

"ዝም በይ፣ አፍሽ ደም ሆኗል።"

ሳጂዳ ድስቷን ታቅፋ ቀረች። "እኔ እንዲህ እንዲሆኑ ብዬ አይደለም፣ ወላሂ…"

"ሂጂ ልጄ፣ ገንዘብሽን ከእኔ ትወስጃለሽ" አለቻት ጣሂራ።

"አንቺን ማን ከፋይ አደረገሽ?" አለች ዓባይነሽ አፍንጫዋን በያዘችበት ነጠላ ውስጥ ሆና።

ባጃጅ ያዙ። ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ወደ ጤና ጣቢያው ሄዱ። ዓባይነሽ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጨምድዳ ጠዋት ጓሮ ስለተወችው ሳፋ አሰበች።

ህሩይ የመቻራን ቡና በአይሱዙ ሲያመላልስ የኖረ ሹፌር ነበር። ከሞተ በኋላ ካፖርቱን ሳታጥብ በፌስታል አስራ አስቀመጠችው። ቤቱ ሲጨንቃት ፌስታሉን ትፈታና ፊቷን ኮሌታው ውስጥ ትቀብራለች። መጀመሪያ ሰሞን ጠረኑ ይመጣላት ነበር፤ ልክ በሩን ከፍቶ እንደገባ። ቀስ በቀስ ግን ካፖርቱ ጨርቅ ብቻ ሆነ። ሄዷል፣ አለች። ሁለተኛ እንደመቅበር ነበር። ስለዚህ ለፋሲካ አጥባ ቤተክርስቲያን ደጅ ለሚቀመጥ ድሀ ልትሰጠው ቆረጠች። ዛሬ ጠዋት ሳፋ ውስጥ አድርጋ ጓሮ ቧንቧው ስር ትታዋለች። ውኃ በፈረቃ ነው፤ ቧንቧውን ከፍታ ነው የወጣችው። ሲመጣ ራሱ ይሞላዋል።

ሲስተር ዮሐና የምትባል ወጣት ነርስ ደሙን አቆመችላት። በባትሪ ወደ ውስጥ አየች፣ አንዱን ቀዳዳ በጥጥ ዘጋች።

"ሱረት ይወስዳሉ?"

"ለራስ ምታት።"

"ውስጡ ተልጧል እናቴ። ቆስሎ፣ ደርቆ፣ እንደገና ይቆስላል። ልብዎንስ አይመታዎትም?"

"ይመታኛል።"

"ሽታስ? ደህና ይሸትዎታል?"

ዓባይነሽ አገጯን ቀና አደረገች። "ቅቤ ነጋዴ ነኝ እኮ። ደህና ነው የሚሸተኝ።"

ጣሂራ የሻሿን ጫፍ ፈታች፣ አንድ ነገር አውጥታ በጣቶቿ መሀል አሸች። "ዓይንሽን ጨፍኚ" አለች።

"ምን ልታደርጊ?"

"ጨፍኚ ስልሽ ጨፍኚ፣ አንቺ ግትር!"

ጨፈነች። ቆየች።

"ምንድን ነው?" አለች ጣሂራ።

"ምኑ?"

"የያዝኩት።"

"ምንም አልያዝሽም። አትቀልጂብኝ።"

ዓይኗን ስትገልጥ የጣሂራ ጣቶች ክፍት በሆነው ቀዳዳ ስር ነበሩ። የደቀቀ ቅርንፉድ ይዘዋል። ነርሷ ከጠረጴዛው ማዶ ሆና ሸቷታል፤ ከፊቷ ያስታውቃል። ጣሂራ ድሮም ቅርንፉድ ቅርንፉድ የምትል ሴት ናት፤ ከሩቅ መምጣቷ የሚታወቀው በዚያ ነበር። ባጃጁ ውስጥ ግን ዓባይነሽ ከማን ጋር እንደተቀመጠች ትከሻዋ ብቻ ነው የነገራት።

"ይመለሳል?" ስትል ዓባይነሽ ነርሷን ጠየቀች።

"ሱረቱን ቢያቆሙ ሊመለስ ይችላል። ላይመለስም ይችላል። ውሸት አልነግርዎትም። ለማንኛውም የአፍንጫ ሐኪም ማየት አለብዎት።"

ዓባይነሽ አልሰማቻትም። "ካፖርቱ አይደለም" አለች።

"የምን ካፖርት?" አለች ጣሂራ።

"እሱ አልሄደም። የማላሸተው እኔ ነኝ።"

ከውጭ የጽዳት ሠራተኛዋ ድምፅ ተሰማ። "ውኃ መጣ! ባልዲ አምጡ፣ ውኃ መጣ!"

ዓባይነሽ ከወንበሩ ተነስታ ወደ ቤቷ ሮጠች። ነርሷ ከኋላ፣ "እንዳይሮጡ፣ ይደማል!" ስትል ጣሂራ ጫማዋን በእጇ ይዛ ተከተለቻት። በሠፈሩ ሁሉ ቢጫ ጀሪካን እየተንኳኳ ነበር። ዓባይነሽ ቁልፉን ሁለቴ ጣለችው። በሩ ሲከፈት ከጓሮ የውኃው ድምፅ ይሰማል።

ሳፋው ተጋምሷል። የካፖርቱ ጫፍ ረስርሶ ጠቁሯል፣ አንዱ እጅጌ ውኃው ላይ ተዘርግቷል። ከላይ የታጠፈው ግን ገና አልደረሰበትም። በሁለት እጇ መንትፋ አነሳችው። ውኃው ቀሚሷ ላይ ወረደ።

"እንቺ" አለች። "አሽትቺው።"

ጣሂራ በሩን ተደግፋ ታለከልካለች። "የህሩይ አይደለም እንዴ?"

"ኮሌታውን። እሱ ደረቅ ነው።"

ጣሂራ የሞተ ሰው ልብስ እንዴት እንደሚያዝ እንዳላወቀች ሁሉ አመነታች። ከዚያ፣ "ቢስሚላህ" ብላ ተቀበለችና ፊቷን አስጠጋች። በረጅሙ ሳበች።

"የለም፣ አይደል?"

"ቆይ እንጂ! አታስቸኩዪኝ።" እንደገና ሳበች። "ጆንያ ጆንያ ይላል። ጆንያና ጥሬ ቡና። ናፍጣም አለው።"

"የመኪናው ነው።"

"ከስር ደግሞ… ላብ። ፀሐይ የመታው ላብ።" ጣሂራ ቀና ስትል ዓይኖቿ ርሰዋል። "አለ ዓባይ። ወላሂ አለ።"

ዓባይነሽ እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ቧንቧውን የዘጋችው ጣሂራ ናት።

ትንሽ ቆይቶ የዓባይነሽ እጅ እንደለመደው ወደ ጡቷ ሄደ። ቆርቆሮዋን አወጣች፣ ከፈተች፣ ቆነጠረች። አንዱ አፍንጫዋ ተደፍኗል፤ ሌላው ክፍት ነው። ጣሂራ አየቻት። ዓባይነሽ ጣቶቿን ቆርቆሮዋ ጠርዝ ላይ አራገፈችና ክዳኑን ገጠመችው።

"ነገ የመሰላዎቹ ይመጣሉ" አለች።

"ይመጣሉ።"

"ዱካሽን ወደ እኔ አስጠጊ። ቅቤውን የምታሸቺው አንቺ ነሽ። ጾምም የለብሽ፣ ትቀምሺዋለሽ።"

"ሰው እያየ?"

"ሰው እያየ። ያንን ባልዲም ሰው እያየ እደፋዋለሁ።"

"አፍንጫዋ ጠፋ ቢሉስ?"

"ጠፋ በያቸው።" ቆርቆሮዋን ዘረጋችላት። "ይቺንም ያዢልኝ። ጠዋት እጄ ሲንቀጠቀጥ እጠይቅሻለሁ። እሰድብሻለሁም።"

"ስድብሽን ለምጄዋለሁ። የከበደኝ ዝምታሽ ነው።" ጣሂራ ቆርቆሮዋን ቅርንፉዱ የነበረበት የሻሿ ጫፍ ላይ ቋጠረቻት።

ዓባይነሽ እርጥቡን ጫፍ ጨመቀችው። ከዚያ ካፖርቱን ይዛ ተነሳችና ደረቁን ኮሌታ መልሳ ወደ ጣሂራ ዘረጋችው።

"አንዴ ብቻ" አለች። "እንደገና ንገሪኝ።"