አረፋው ውስጥ ያሉት ሁለቱ

ጎረቤቴን ዳርሊንን የሳሙና አረፋ ፎቶ ማንሳት ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ሳሙናው ላይ የበቆሎ ሽሮፕ መጨመሩን፣ ውህዱን ውጭ ማሳደሩን፣ በረዶው ላይ በስትሮ ቀስ አድርጎ መንፋቱን፣ አረፋው በብርዱ ረግቶ በረዶ እስኪሆን ትንፋሽ ውጦ መጠበቁን፣ አንድም አልደበቅኳትም። ታዲያ ዘንድሮ የከተማችን ካላንደር ላይ የጥር ገጽ ለእሷ ፎቶ ሲሰጥ፣ እንኳን ደስ አለሽ ያልኳት ጥርሴን ነክሼ ነው። ጥር ለዓመታት የኔ ነበር።

ፎቶውን በትልቁ አሳትመው የበረዶ መንሸራተቻው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። እንከን ልፈልግለት ተጠጋሁ። አረፋው ገና ግማሹ ነው የረጋው፤ ከታች ላባ የሚመስል በረዶ ይዟል፣ ከላይ እንደ መስታወት ያሳያል። እዚያ ውስጥ ጉንጭ ለጉንጭ የተጠጉ ሁለት ጭንቅላቶች አየሁ። አንዱ የዳርሊን ነው። ሌላው አንዱ የጆሮ መሸፈኛው ቀይ የሆነ አረንጓዴ ኮፍያ አድርጓል። ያንን ኮፍያ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አረንጓዴው ክር አልቆብኝ አንዱን ጆሮ በቀይ ጨረስኩት።

ባሌ ኦረስት! ቆሻሻ ለመጣል እንኳን ይበርደኛል የሚለው ኦረስት! ቅናት አንገበገበኝ።

ቤት ስደርስ የቀይ ሥር ሾርባውን ይጠጣል።

"ለዳርሊን አረፋ ትነፋላታለህ አሉ።"

"ማን አለ?"

"ኮፍያህ።"

ማንኪያውን አስቀመጠ። "ንፋልኝ አለችኝ፣ ነፋሁላት። ወንጀል ነው?"

"ለኔ ሲሆን ነው የሚበርድህ?"

"አንቺ መቼ ጠራሽኝ፣ ቬርና? አንዴ ብመጣ 'ወደዚያ ሂድልኝ፣ ትንፋሽህ ያፈነዳዋል' ብለሽ አባረርሽኝ። እሷ ሲፈነዳባት ትስቃለች።"

"ጥርሷ ይርገፍ!"

በማግስቱ ጠዋት ነፋስ አልነበረም፤ ብርዱም ለአረፋ የተመቸ ነበር። ኮፍያውን ወረወርኩለትና "ተነስ፣ ንፋልኝ" አልኩት። ሳያንገራግር ወጣ፤ ይሄም አናደደኝ። የመጀመሪያዎቹን አፈነዳቸው፤ ምላሴን ነክሼ ሳሙናውን መልሼ አቀበልኩት። በመጨረሻ አንዱ ረጋልን፣ ፎቶ አነሳሁት።

ካሜራዬ ላይ አጉልቼ አየሁት። ላባው ከዳርሊን ላባ በብዙ ይበልጣል። የሚቀጥለው ጥር በእጄ ገባ ማለት ነው። ግን የአረፋው መስታወት ውስጥ እኔ አንድ ዳር ነኝ፣ ኦረስት ሌላ ዳር። በመካከላችን የጋራዡ በር ሙሉ ለሙሉ ይታያል።

"ሌላ ንፋ" አልኩት። ነፋ። "አሁን ጠጋ በል።"

"ኋላ ትንፋሼ ያፈነዳዋል።"

"ያፈንዳው!"

መጥቶ ጉንጩን ጉንጬ ላይ አደረገ። ጉንጩ በረዶ ሆኗል። ካሜራውን ሳላነሳ አረፋው ፈነዳ። ዳርሊን እንዴት ነበር የምትስቀው እያልኩ፣ ሳቅሁ።