የዘጠና ዓመት እንግዶች

በሶርዳፕ መንደር እንግዳ ይከበራል፤ ክብሩ ግን ማብቂያ የለውም። የዓሣ አጥማጁ የላሽካር አያት ከደረቁ ተራራ ወርደው ባሕሩ ዳር ጎጆ ከቀለሱ ዘጠና ዓመት ሆኗል፤ ዘሮቻቸው ዛሬም «እንግዶቹ» ይባላሉ። ድግስ ላይ ሳህን ቀድሞ የሚቀርበው ለነሱ ነው። አሸዋው ላይ ጀልባ ማሳረፍ ግን የመንደሩ መሥራች የሚር ዶስቲን ዘሮች መብት ነው። እንግዳ ቋጥኙ ጥግ ያስር።

ቋጥኙ ደግሞ በክረምት ማዕበል ጊዜ ምሕረት አያውቅም። ዓምና የላሽካርን ጀልባ ጎኗን በርቅሶት፣ እሱና ሚስቱ ማህጋንጅ በጥጥና በሻርክ ዘይት ሲደፍኑ ከረሙ። ዘንድሮ ከተሰበረች ላሽካር በሰው ጀልባ ላይ ቅጥር ሊሆን ነው። እሱ እንደሆነ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» ባይ ነው፤ ስለዚህ ለመናገር የቆረጠችው ማህጋንጅ ነች።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የዶስቲን መታሰቢያ ደረሰ። ሩዙና ዓሣው ቀርቦ የዘሮቹ አለቃ ሽማግሌው ሳብዛል፣ በአክብሮት «ዋጃ» የሚባሉት፣ እንደ ወትሮው ታሪኩን ጀመሩ።

«አባታችን ዶስቲን ከማዕበል ተርፈው እዚህ ሲደርሱ ሰው የሚባል አልነበረም! በውኃ ጥም ተቃጥለው እየዳኹ ወጡና ከጉድጓዱ በባልዲ ቀድተው ጠጡ። ‹አገሬ ይህ ነው› አሉ።»

ሰው ሁሉ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ።

«ዋጃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች ማህጋንጅ፣ «ጉድጓዱን ማን ቆፈረው?»

«የቱን ጉድጓድ?»

«ዶስቲን የጠጡበትን ነዋ! ሰው ካልነበረ ባልዲውን ማን አስቀመጠላቸው?»

አንዷ ሩዝ አፏ ውስጥ እንዳለ ሳቀች። የሳብዛል ወንድም ፒሩክ ተቆጣ። «አንቺ ሴትዮ፣ ሩዝሽን አትበዪም?»

«እበላለሁ። ግን ዶስቲንም እንደኛው ሰው ወዳለበት አገር የመጡ እንግዳ ናቸዋ! እንግዳና እንግዳ ደግሞ እኩል ነው። አሸዋው ላይ ለአንዲት ጀልባ ቦታ አይጠፋም።»

ሳብዛል ጢማቸውን አሻሹ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ችግሩም ይኸው ነው፣ ክፉ ቢሆኑማ ሰው ደፍሮ ይጣላቸው ነበር።

«ልጄ፣ እውነት ተናገርሽ» አሉ። «የላሽካር ወገኖች ያው ተራራ ላይ ጉድጓድ ቆፋሪዎች አይደሉ? እኛ ዓሣ አስጋሪዎቹ አካፋ የት እናውቃለን! ያን ጉድጓድ የቆፈሩት የናንተ አባቶች ናቸው፤ ለካ የአገሩ ባለቤቶች እናንተ ኖራችኋል! ስንበድላችሁ ኖርን!»

ተነሥተው ላሽካርን ግንባሩን ሳሙት። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ያለቀሰም ነበር። ማህጋንጅ በደስታ የምትገባበት ጠፋት።

«እንግዲያው ጀልባችንን ነገ አሸዋው ላይ...»

«እንዴት ሆኖ?» አሉ ሳብዛል ከልባቸው ደንግጠው። «ባለቤት መልካሙን ቦታ ለእንግዳው ይለቃል እንጂ ይቀማል እንዴ? እኛ እንግዶቻችሁ አሸዋው ላይ እንሆናለን። መቼም አታሳፍሩንም።»

ማንም አልሳቀም። ይባስ ብሎ ፒሩክ የከርሞው ድግስ በማን ቤት እንደሚሆን ጠየቀ፤ ዓይኖች ሁሉ ወደ ላሽካር ዞሩ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ላሽካር ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ዝም ብትዪ ኖሮ» አለ፣ «ቢያንስ የምንበላው የሰው ሩዝ ነበር።»

ልትቆጣው አስባ ሳቅ አመለጣት፤ ስትስቅ እንባዋ መጣ። እልህም ሐዘንም ነበር። ከደቡብ በኩል ነፋሱ መንፈስ ጀምሯል። የአገሩ ባለቤቶች ገመድ ተሸክመው፣ ጀልባቸውን ከቋጥኙ ጋር አጥብቀው ሊያስሩ ወረዱ።