ከሠላሳው የጎደለው ስድስት

የሺሃረግ የጄኔሬተሩን የብረት ሰሌዳ በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ስትወለውል ከቅባቱ ሥር የወጣው ፊደል እጇን ያዘው። ሠላሳ የሚለው ቁጥር ያው ነበር። አጠገቡ የተቀረጸው ግን እሷ በወረቀቷ ላይ የጻፈችው ኪሎዋት አልነበረም፤ ኬቪኤ ነበር።

ጨርቁን ጥላ ቁጢጥ አለች። የጳጉሜን ዝናብ ከጤና ጣቢያው ጀርባ በቆመው የቆርቆሮ ዳስ ላይ ይወርዳል። ለመስከረም ሁለት የአብዮት በዓል ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ በዚያ ዕለት የላሊበላ አዲስ ወፍጮ ይመረቃል፣ የአደባባዩ መብራትም ይበራል ተብሏል። የጄኔሬተሩ ኃይል ለሁሉም ይበቃል ያለችው እሷ ነበረች።

የሺሃረግ በአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ ናት፤ አራተኛ ዓመት ልትገባ ነው። መንገዱ በክረምት ሳይዘጋ፣ ሐምሌ መባቻ ላይ፣ ለተግባር ልምምድ ወደዚህ ስትላክ ማሽኑ በቅባትና በጭቃ ተለብጦ ነበር የመጣው። የጭነት ወረቀቱ ላይ "ሠላሳ" ብቻ ተጽፎ አይታ ቀሪውን በግምት ሞላችው።

እርሳሷን አውጥታ በሲሚንቶ ከረጢት ቅዳጅ ላይ እንደገና ጀመረች። ፈተና ላይ ተሳስታው የማታውቅ ሂሳብ ነው፤ ኬቪኤ የማሽኑ ጠቅላላ አቅም ነው፣ ሥራ የሚሠራው ኪሎዋት ከዚያ ያንሳል። ሠላሳ ኬቪኤ በዜሮ ነጥብ ስምንት ሲባዛ ሃያ አራት ኪሎዋት። ስድስቱ የለም። ጤና ጣቢያው ስምንት፣ መብራቱ አራት፣ የወፍጮው ሞተር አሥራ አምስት፤ ድምሩ ሃያ ሰባት፤ ከሠላሳ በታች ነው ብላ ነበር ያለፈችው። አሁን ሌላም ታያት። አሥራ አምስቱ ሞተሩ ለወፍጮው ድንጋይ የሚሰጠው እንጂ ከመስመሩ የሚስበው አይደለም፤ በመንገድ የሚባክነው ሲታከልበት አሥራ ሰባት ተኩል ያልፋል። ሁሉም ባንድ ላይ ሲበራ ሠላሳ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ያላቸው ሃያ አራት።

አረጋ የሽቦ ጥቅል በትከሻው ተሸክሞ ሲገባ እዚያው እንደተቀመጠች አገኛት። ሃያ ዓመት በኤሌክትሪክ ሥራ ያሳለፈ፣ የሞተርን ሕመም በድምፁ ብቻ የሚለይ ሰው ነው። ወረቀት ላይ ሲደርስ ግን "እሱን አንቺ ታውቂያለሽ" ብሎ ይተውላታል። ተማሪ ስለማትፈርም ከሂሳቧ ሥር የፈረመውም እሱ ነበር። የሆነውን ስትነግረው ሽቦውን ቀስ አድርጎ አወረደ። አምና በሌላ ወረዳ አንድ የሚያውቀው የሙያ ባልደረባ የውሃ ፓምፕ ተቃጥሎበት አሻጥር ሠራህ ተብሎ አራት ወር ታስሯል።

"ማን አየው?" አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

"እኔና እርስዎ።"

"እንግዲያው ሰሌዳውን ቀለም እንቀባው። ሲከብደው ማብሪያው ራሱ ወድቆ መስመሩን ይቆርጣል። ማሽኑ አርጅቷል እንላለን፤ ማርጀቱን ማን ይክዳል።"

"በወደቀ ቁጥር ጤና ጣቢያውም አብሮ ይጨልማል፣ ጋሽ አረጋ። የምታምጥ ሴት ብትኖርስ? ማሽኑ ከተቃጠለ ደግሞ መንገዱ ደርቆ ጥቅምት እስኪወጣ ሌላ አይመጣም።"

"ይሄን የማላውቅ መሰለሽ?" አለ፣ ሳይቆጣ። "አውቃለሁ። አራት ልጆችም አሉኝ።"

ቅዳጇን አጥፋ ኪሷ ከተተችና በዝናቡ ወጣች።

የሄደችው ወደ አልጣሽ ቤት ነበር። አልጣሽ የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ወፍጮው እንዲመጣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከቢሮ ቢሮ የተመላለሱት እሳቸው ናቸው፤ እንደ አገሩ ሴት ሁሉ ከልጅነታቸው ጀምሮ በመጅ ሲፈጩ መዳፋቸው ደንድኗል። ለበዓሉ ቀን ሴቶች እህል ይዘው እንዲመጡ እስከ ገነተ ማርያም ድረስ ልከዋል። የሺሃረግ ከበራፍ ሳታልፍ ነገረቻቸው።

"ታዲያ ወፍጮው ቀረ ማለት ነው?"

"አልቀረም፣ እትዬ አልጣሽ። ሁሉም ባንድ ላይ ነው የማይቻለው።"

"እሱን ቀድመሽ አትይኝም? ልቤን አወረድሽው።" ወንበር ሳቡላት። "ሂሳቡን ተይውና ሰዓቱን ንገሪኝ። መቼ መቼ ይፈጫል?"

የሺሃረግ ከጤና ጣቢያው ስምንት ኪሎዋት አምስቱን የሚበላው የሕክምና መሣሪያ መቀቀያው መሆኑን አስረዳቻቸው። እሱ ከጠፋ ወፍጮውና ቀሪው ጤና ጣቢያ ሃያ አንድ እንኳ አይሞሉም፤ ማሽኑ ይችላቸዋል። አልጣሽ ነርሷ የምትቀቅለው ጠዋት ጠዋት መሆኑን ያውቁ ነበር። ከገነተ ማርያም በንጋት የተነሳች ሴትም ብትሆን እህል ተሸክማ ከቀትር በፊት አትደርስም። ስለዚህ ከቀትር በኋላ ይፈጫል፣ የአደባባዩ መብራት ሊበራ ሲል ይቆማል። እሷ ክፍል ውስጥ ሙሉ ወር በሰንጠረዥና በግራፍ የተማረችውን ነገር አልጣሽ ማን በስንት ሰዓት ከቤቷ እንደምትወጣ በማሰብ ጨረሱት። የሺሃረግ የከተማውን የኃይል ፍጆታ ስትደምር ማን መቼ እንደሚጠቀምበት አንድም ሰው አለመጠየቋ አሳፈራት።

"ጓድ ታፈረ ግን በንግግሩ ላይ ሁሉም ባንዴ እንዲበራ ነው የሚፈልገው" አሏት ሲሸኟት። "ብቻሽን አትሂጂ። አረጋን ይዘሽ ሂጂ።"

አረጋ ሲለምኑት እምቢ ብሎ አያውቅም፤ ያን ቀንም እንዲሁ ሆነ። የወረዳው አስተዳዳሪ ታፈረ ቢሮ ሲገቡ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ቆቡን በእጁ ያሽ ጀመር። የሺሃረግ ተናግራ እስክትጨርስ ታፈረ አላቋረጣትም። ከዚያ ከመሳቢያው የቀድሞውን ሪፖርት አወጣ።

"ፊርማው የጓድ አረጋ ነው" አለ።

"ሂሳቡ የኔ ነው። እሳቸው አምነውኝ ነው የፈረሙት።"

ታፈረ ሪፖርቱን አገላበጠ። እሱም በበኩሉ ሁሉም ተዘጋጅቷል ብሎ ለበላይ አስተላልፏል። ሲናገር ድምፁ እንዲያውም ለስላሳ ነበር። የሰዓቱን ነገር ተቀበለ፤ ወፍጮው ከቀትር በኋላ፣ መብራቱ አመሻሽ ላይ ይመረቅ አለ። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ስህተት የሚል ቃል አያስፈልግም። ለነዳጅ ቁጠባ ሲባል ፕሮግራም ወጥቷል ብለሽ ጨምሪበት። ጓድ አረጋ እንደ በፊቱ ይፈርማል። አንቺም በሰላም ወደ ትምህርትሽ ትመለሻለሽ።"

አረጋ ቀና ብሎ አያት። ፊቱ ላይ ልመና ይሁን ፈቃድ መለየት አቃታት።

እሷ በዓሉ እንዳለፈ ትሄዳለች። ከዓመት በኋላ አንድ አዲስ ሹም ነዳጅ ሞልቶናል፣ ቁጠባ ምን ያደርጋል ብሎ ሁሉንም ባንዴ ቢያስበራ፣ የሚያየው ወረቀት ሠላሳ ኪሎዋት አለ ይለዋል። ማሽኑ ሲቃጠል ከሥሩ የሚያገኘው ስም ደግሞ የአረጋ ነው።

ብዕሩን ከጠረጴዛው አነሳች። ኪሎዋት የሚለውን እንዲነበብ አድርጋ ባንድ መስመር ሰረዘችና ከላዩ ኬቪኤ ብላ ጻፈች። ግርጌው ላይ ሃያ አራቱን ከነስሌቱ አስቀመጠች፤ በመቀጠልም "ከዚህ በፊት የቀረበው ሂሳብ ስህተት ነው፤ የሠራሁት እኔ ነኝ" ብላ ከፊርማዋ ጋር ሙሉ ስሟን ከነአባቷ አሰፈረች፤ የሺሃረግ ከፋለ፣ ተማሪ። ከዚያ ወረቀቱን አዙራ ታፈረ ፊት አስቀመጠችው።